«ይፍረስልኝ» ወይስ «ልፋታ»? ከጎንደር የመጡ የጋብቻ ጥያቄዎች

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዳችን ወዳጆች። ሰርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ በጥር፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በሚያዝያ ነው። ወደኛ የሚላከው ደብዳቤ የሚበዛው ዳሱ ከፈረሰ ከወራት በኋላ ነው። ሰሞኑን ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ጥያቄዎች ባለቤቶቻቸው ቢለያዩም የሚሉት ነገር ተመሳሳይ ነው፦ «ፍቺ አልፈልግም፤ ጋብቻው መጀመሪያም ልክ ስላልነበረ ይፍረስልኝ።» ስለዚህ ይህን ዕትም በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ወደ ደብዳቤዎቹ ከመግባቴ በፊት መሠረቱን ላስይዝ። ጎንደር ላለ ሰው የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠሩበት የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ዛሬ በምናነሳው ጉዳይ ሁለቱ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ፍቺ ማለት በደንብ የተመሠረተ ጋብቻ ኋላ ላይ ሲበላሽ የሚቋጭበት መንገድ ነው። ለፍቺ ምክንያት መደርደር ግዴታ አይደለም፤ አንደኛው ወገን ብቻውንም ሊጠይቅ ይችላል። ጋብቻው ይፍረስልኝ ማለት ግን ሌላ ነው። በተጋባችሁበት ቀን ሕጉ የግድ ይሟላ ካለው ነገር አንዱ ጎድሎ ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህም ያንን ጉድለት ማስረዳት ይጠበቅባችኋል።

ጉድለቶቹ ብዙ አይደሉም። አንዱ ወገን 18 ዓመት ያልሞላው ከሆነ፣ ሕግ የከለከለው የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለ፣ ቀድሞ የተፈጸመና ያልፈረሰ ጋብቻ ካለ፣ ፈቃዱ በኃይል የተገኘ ከሆነ፣ ፈቃዱ በመሠረታዊ ስህተት የተሰጠ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ራሱን ችሎ እንዳይዋዋል በፍርድ የተከለከለ ከሆነ። በቃ እነዚህ ናቸው። በማዘጋጃ ቤት ተፈራረማችሁ፣ በተክሊል ተጋባችሁ፣ ኒካህ አሰራችሁ ወይም በባህሉ ወግ ተዳራችሁ፣ ሁሉንም ይመለከታሉ። ጠባዩ አላማረኝም፣ እናቱ አላኖር አለችኝ፣ ሥራ አለኝ ብሎ ዋሸኝ የሚሉት ያሳምማሉ፤ ግን የፍቺ ጉዳዮች ናቸው።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ።

ጥያቄ፦ ያገባሁት ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። ከሰርጉ በፊት ቤተ ክርስቲያን የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት አምጡ ስላለን ሁለታችንም አመጣን። የሱ ወረቀት የራሱ እንዳልነበረ የገባኝ መስከረም ላይ መድኃኒቱን ከቦርሳው ሳገኝ ነው። ለካ ለዓመታት ሲወስድ ኖሯል። ተመርምሬ ነፃ ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወዲያው ወደ ቤተሰቦቼ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ «እስከ ገና ታገሺ» አሉኝ፣ ከዚያ «ጥምቀት ይለፍ»፣ ከዚያ «ጾሙ ይውጣ» እያሉ ይኸው ፋሲካም አለፈ። ፈት መባል አልፈልግም። ጋብቻው ይፍረስልኝ ብዬ መክሰስ እችላለሁ? (ከማራኪ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። የመጣሽበት ምክንያት ጠንካራ ነው። ሕጉ መሠረታዊ ስህተት ከሚላቸው ነገሮች አንዱ የማይድን ወይም ወደ ዘር ሊተላለፍ የሚችል በሽታ ያለበትን ሰው ጤነኛ መስሎሽ ማግባት ነው። ልብ በይ፣ ሕጉ በሽተኛ አታግቡ አላለም። እያወቀች ወድዳ ያገባች ሴት ኋላ ላይ ይህን ምክንያት ልታነሳው አትችልም። ያንቺ ጉዳይ ከነጭራሹ ሳታውቂ «እሺ» ማለትሽ ነው። የሌላ ሰው ወረቀት አቅርቦ ከሆነ ደግሞ ሆን ብሎ እንደደበቀሽ ጥሩ ማስረጃ ይሆንሻል።

የሚያንገበግበኝ ጊዜው ነው። በስህተት የተፈጸመ ጋብቻ ይፍረስልኝ የሚል ሰው ስህተቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ያወቀው ዘግይቶ ቢሆንም እንኳ ጋብቻው ከተፈጸመ 2 ዓመት ካለፈ አይሰማም። በኃይል ተገድጄ ነው ለሚል ሰውም እንዲሁ ነው፤ ኃይሉ ከቀረለት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ ቢበዛ ከጋብቻው 2 ዓመት። አንቺ ያወቅሽው መስከረም ላይ ከሆነ 6 ወሩ መጋቢት ላይ ሞልቷል። በሽማግሌ እጅ የቆየሽባቸው ወራት ከቆጠራው አይቀነሱም።

አንድ ነገር ግን ከጠበቃ ጋር ቁጭ ብለሽ በደንብ አጣሪ። መድኃኒቱን ያየሽው መስከረም ነው። ምን እንደሆነ በእርግጥ ያወቅሽውስ መቼ ነው? ያኔ ተጠራጥረሽ እሱ «የሌላ በሽታ ነው» ብሎሽ፣ ኋላ ላይ በራሱ አፍ ካመነልሽ ወይም በሐኪም ካረጋገጥሽ፣ ስህተቱን ያወቅሁት ያን ቀን ነው ብለሽ መከራከር ትችያለሽ። ይህን የምልሽ እውነቱ እንደዚያ ከሆነ ብቻ ነው። ቀን ፈጥረሽ ብትገቢ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ምስክር ሆነው ሲቀርቡ ይፈርስብሻል።

ቀኑ ካለፈ ደግሞ በሩ አልተዘጋብሽም። ፍቺ ዛሬውኑ መጠየቅ ትችያለሽ። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ሊያስማማችሁ ይሞክራል፤ ራሳችሁ በመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች እንድትታዩ ሊያደርግ ይችላል፤ ካልሆነም እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ያላግባብ ሊያቆይሽ አይችልም። ምክንያት መናገር ግዴታ ባይሆንም አንቺ ግን ተናገሪ፤ ለፍቺው ጥፋተኛው እሱ መሆኑ ከታወቀ ፍርድ ቤቱ ካሳ ሊያስከፍለው ይችላልና።

«ፈት መባል አልፈልግም» ስላልሽው። እኔም እዚሁ አድጌአለሁና ቃሉ በጠላ ቤትም በማኅበርም እንዴት እንደሚወረወር አውቃለሁ። ግን ጋብቻው በስህተት ፈረሰ ቢባልም ሕጉ እንዳላገባሽ አያደርግሽም። በኛ ሕግ የይፍረስልኝ ፍርድም እንደ ፍቺ ሁሉ ጋብቻው ከዚያ በኋላ እንዲያበቃ ያደርጋል እንጂ ያለፈውን ሰርግ አይሰርዝም። ስለዚህ የስም ነገር ብለሽ ተጨማሪ ወራት አታቃጥዪ። ምርመራውንም ሐኪሙ በሚነግርሽ ጊዜ ድገሚ።

ለሽማግሌዎችም አንድ ቃል አለኝ። እናንተን የምናከብረው ከልባችን ነው፤ የተጣላ አስታርቃችኋል፣ ደም አድርቃችኋል። ነገር ግን አንዲት ልጅ መጥታ እንዲህ ያለ ነገር ስትነግራችሁ «ታገሺ» ከማለታችሁ በፊት ቀኑን ቁጠሩላት። ክሱ ከገባ በኋላም ማስታረቅ ይቻላል፤ ፍርድ ቤቱም ይህን ይወዳል። ክስ ሳይገባ የሚባክነው ጊዜ ግን መብቷን ይዞባት ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ እህቴ 16 ዓመቷ ነው። ደምቢያ ያሉት ቤተሰቦቻችን ጥር ላይ ዳሯት። እኔ ጎንደር ነው የምሠራው፣ የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው። አባታችን ለቀበሌ 18 ሞልቷታል ብሎ ተናግሯል። ስደውልላት «በቃ ተይው» ትለኛለች። እኔ መክሰስ እችላለሁ ወይስ የግድ እሷ መሆን አለባት? እኔም ራሴ በ15 ዓመቴ ተድሬ ነበር። ባሌ ለሥራ መተማ ወርዶ ከቀረ ዓመታት ሆኑት፤ በሽማግሌ ተለያይተናል። አሁን 23 ነኝ። የኔንስ ማስፈረስ እችላለሁ? (ከአራዳ)

መልስ፦ የእህትሽን ላስቀድም፤ የሷ ጊዜ እያለቀ ነው። መክሰስ ትችያለሽ። ዕድሜ ሳይደርስ የተፈጸመ ጋብቻ እንዲፈርስ ጥቅም አለኝ የሚል ማንኛውም ሰው ሊጠይቅ ይችላል፤ እህት ደግሞ ከማንም በላይ ጥቅም አላት። ዓቃቤ ሕግም በራሱ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ አንዱ መንገድ ስምሽን ከአባትሽ ፊት ሳታቆሚ ወደ ዓቃቤ ሕግ ወይም ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ሄዶ ማመልከት ነው። እህትሽ «ተይው» ማለቷ ክሱን አያስቀረውም። የ16 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ሆና፣ አማቷ ጎን ቆማ በስልክ የምትናገረው ቃል የልቧ ነው ብዬ አላምንም፤ አንቺም የምታምኚ አይመስለኝም፣ ባታምኚማ ነው የጻፍሽልን።

ነገር ግን ይህ በር 18 ዓመት ሲሞላት ይዘጋል። ዕድሜው ከሞላ በኋላ በዕድሜ ምክንያት ይፍረስ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ዘንድሮ የሚደረግ ነገር ነው።

ትልቁ ፍልሚያ ዕድሜዋን ማስረዳቱ ላይ ነው የሚሆነው። አባትሽ 18 ብሏል፣ ምናልባት ምስክርም ያመጣል። አንቺ የልደት ምዝገባ ካለ እሱን፣ ከሌለ የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ የተሞላው ፎርም፣ እነዚህን ሁሉ ሰብስቢ። ሰነድ ከጠፋ ፍርድ ቤቱ ሆስፒታል ልኮ በራጅ ዕድሜዋ እንዲገመት ሊያዝ ይችላል። የሐኪም ግምት ግን ግምት ነው፤ በዓመት ሁለት ዓመት ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። 16 እና 18 ደግሞ ሩቅ አይደሉም። ለዚህ ነው የትምህርት ቤቱን ወረቀት አጥብቀሽ ያዢ የምልሽ። አስተማሪዋ፣ አብራ የተጠመቀች የጎረቤት ልጅ፣ ክርስትና እናቷ፣ እነዚህ ሁሉ ጥሩ ምስክሮች ናቸው።

ነገሩ የወንጀል ጎንም አለው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ይህን የምነግርሽ ቤተሰብሽን እንድታስፈራሪበት ብዬ አይደለም። ሙሽራውና ቤተሰቡ ምን ውስጥ እንደገቡ ስለማያውቁ፣ አንዳንዴ ይህን ሲሰሙ ልጅቱን ራሳቸው መልሰው ትምህርት ቤት ይሰዷታል። ከተመለሰች ግን «ትምህርቷን ትጨርስ፣ ከዚያ ትመለሳለች» የሚል ስምምነት እንዳትቀበሉ። የፍርድ ቤት ውሳኔ ይኑር።

አሁን ወዳንቺ። አንቺን በ15 ዓመትሽ መዳራቸው ያኔ ሊያስፈርስ የሚችል ትልቅ ጥፋት ነበር። 18 ሲሞላሽ ግን ያ ምክንያት አብሮ አለፈ። ተገድጄ ነው ብትዪም 2 ዓመቱ ሄዷል። ስለዚህ ላንቺ የቀረው መንገድ ፍቺ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በይ። «በሽማግሌ ተለያይተናል» ብለሻል። ከድሮው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ጀምሮ ሰው ሽማግሌ ያፋታል ብሎ ያምናል፤ ያኔ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች በእርግጥም ሥልጣኑ ነበራቸው። አሁን የላቸውም። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 ላይ፣ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ባልና ሚስት ፍቺ ባይወሰንም ጋብቻቸው እንደፈረሰ ሊቆጠር ይችላል ብሏል፤ የሰበር ትርጉም ደግሞ ጎንደር ላለውም ዳኛ ይሠራል። ቢሆንም በዚህ ተማምነሽ እንዳትቀመጪ። ያ የሚታየው ክርክር ሲነሳ ነው። ነገ ሌላ ሰው ብታገቢ የመጀመሪያው ብቅ ብሎ «ሚስቴ ናት» ሊል ይችላል፤ ያኔ አዲሱ ትዳርሽ ችሎት ፊት ሊቆም ነው። መተማ የት እንዳለ ባይታወቅ እንኳ ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ አስጠርቶ በሌለበት ሊወስን ይችላል። ሄደሽ ፍቺሽን በወረቀት ያዢ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሚኖረው አሜሪካ ነው። ለጥምቀት መጥቶ ተዋወቅን፣ በዓመቱ ተመልሶ መጣና በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመን ደገስን። ከተጋባን 3 ዓመት አልፎናል፣ የ2 ዓመት ልጅ አለችን። የፕሮሰሱ ነገር ሲጓተትብኝ እዚያ ሚስት እንዳለችው በዘመዶቹ በኩል ሰማሁ። ስጠይቀው «ከሷ ጋር ከተለያየን ቆይተናል፣ ያለነው በወረቀት ብቻ ነው» አለኝ። 2 ዓመት ስላለፈ ጊዜው አልፎብኛል? ልጄስ ሕጋዊ አይደለችም ይሉብኛል? አዘዞ በሁለታችን ስም የገዛነው ቤት አለ፣ እሱስ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ልጅሽን ላስቀድም፣ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና። ልጅሽ የተወለደችው በጋብቻ ውስጥ ነው፣ አባቷም እሱ ነው። ጋብቻው በምንም ምክንያት ቢፈርስ የሷን ልጅነት የሚነካ ነገር የለም። ቀለብ፣ አስተዳደግ፣ ውርስ፣ ሁሉም ልክ በፍቺ ጊዜ እንደሚሆነው ነው። ማንም ዲቃላ ቢላት ሕግ ሳይሆን ክፉ አፍ ነው።

ጊዜውም አላለፈብሽም። የ6 ወርና የ2 ዓመት ገደብ ለስህተትና ለኃይል ነው። ቀድሞ ያልፈረሰ ጋብቻ እያለ በተፈጸመ ጋብቻ ላይ ያ ገደብ አይሠራም። አንቺም፣ የመጀመሪያዋ ሚስትም፣ ዓቃቤ ሕግም መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሥራ የሚበዛብሽ ማስረጃው ላይ ነው። «ከዘመዶቹ ሰማሁ» ችሎት ላይ ብዙ አያራምድሽም። የሚያስፈልግሽ የዚያኛው ጋብቻ የምስክር ወረቀት ነው። አሜሪካ ውስጥ የጋብቻ መዝገብ የሚያዘው በየአካባቢው አስተዳደር ነው፤ የተጋቡበትን ግዛትና ከተማ ካወቅሽ እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ጠበቃ ቅጂ ሊያወጣልሽ ይችል ይሆናል። ቅጂው ሲወጣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም በኩል አልፎ፣ በታወቀ ተርጓሚ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ነው የሚቀርበው። ያለዚያ መዝገብ ቤት ሊመልሱብሽ ይችላሉ። ከዚህ ሌላ የላከልሽ መልእክት አለ። «በወረቀት ብቻ ነው» ያለበትን ጽሑፍ አታጥፊ፤ ስልክሽ ቢጠፋ እንኳ እንዲተርፍ ሌላ ቦታ አስቀምጪው። ያ በራሱ ቃል ማመን ነው።

«ተለያይተናል» ማለቱ ያድነዋል ወይ? ከላይ ለአራዳዋ እህት የጠቀስኩላትን የሰበር ውሳኔ እሱም ሊያነሳው ይችላል። ነገር ግን በየራሳቸው ኑሮ ለረጅም ጊዜ እንደኖሩ ማስረዳት የሱ ሸክም ነው። ዛሬም አብሯት አንድ ቤት እያደረ ከሆነ የሚያስኬደው አይመስለኝም። ከሁሉ በላይ ማዘጋጃ ቤት ሲፈርም ሌላ ጋብቻ የለኝም ብሎ ነው የፈረመው። ጋብቻ እያለው ሌላ ያገባ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 ይቀጣል፤ ሁለተኛዋን ሆን ብሎ አታሎ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። በወንጀል መክሰስ አለመክሰስ ያንቺ ውሳኔ ነው። ብዙ እህቶች የልጄ አባት ነው ብለው ይተዉታል፣ አልፈርድባቸውም።

ቤቱን በተመለከተ ዛሬ ከምታደርጊው ነገር ሁሉ ይህ ይቅደም፦ ክሱን ስታስገቢ ቤቱ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ የእግድ ትእዛዝ አብረሽ ጠይቂ። ውክልና ለወንድሙ ሰጥቶ ከሆነ በማግስቱ ሊሸጥ ይችላል። በሁለታችሁ ስም መሆኑ ጠቅሞሻል። ግን የመጀመሪያዋ ሚስት ቀርባ ከባሏ ገንዘብ የወጣ ነው፣ ድርሻ አለኝ ልትል እንደምትችል ከወዲሁ እወቂ። ስለዚህ ያንቺን ገንዘብ ያወጣሽበትን የባንክ ደረሰኝ፣ ለግንበኛ የከፈልሽበትን ወረቀት፣ ወርቅ ሸጠሽ ከሆነ የሸጥሽበትን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ አድርጊ። ክርክሩ እስኪያልቅ ለልጅሽ ጊዜያዊ ቀለብ እንዲቆረጥም በዚያው አቤቱታ ላይ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ በቅርቡ አግብቻለሁ። ብር አምባር የምትሰብር መስሎኝ ነበር። አልሆነም። ለሰርጉ ብዙ ብር ወጥቷል፣ ቤተሰቤም ተዋርዷል። ጓደኞቼ በስህተት ምክንያት ማስፈረስ ትችላለህ አሉኝ። እውነት ነው? ወጪዬንስ ትመልስልኛለች? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀጥታ ልንገርህ። ሕጉ መሠረታዊ ስህተት ብሎ በስም የጠቀሳቸው አራት ናቸው፦ ያሰብከውን ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ማግባት፣ ከላይ ያነሳሁት የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ በሽታ፣ ለግብረ ሥጋ የሚሆን የአካል ክፍል አለመኖር፣ እና ከተመሳሳይ ፆታ ጋር ግንኙነት የማድረግ ልማድ። ድንግልና ከነዚህ ውስጥ የለም። ጓደኞችህ ምናልባት ዝርዝሩ ዝግ አይደለም ብለው ሊከራከሩህ ይችላሉ፤ እውነት ነው፣ ሕጉ ሰውየው ይህን ቢያውቅ አያገባም ነበር የሚባልበትን ስህተት በጠቅላላው ያነሳል። ነገር ግን ሴትን በድንግልናዋ መዝኖ ወንዱን ምንም የማይጠይቅ ምክንያት፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል መብት አላቸው ባለበት አገር፣ ለዳኛ ይዘህ ቅረብ ብዬ አልመክርህም። የሰርግ ወጪም በዚህ አይመለስም።

ሌላም ነገር አለ። ድንግልና በደም አይታወቅም። በተፈጥሮዋ የማይደማት ሴት ብዙ ናት፣ የትኛውንም የማኅፀን ሐኪም ጠይቅ። ባለቤትህን የማታውቀውን ነገር ፈጽማለች ብለህ በቤተሰብ ፊት ስሟን ካነሳህ የስም ማጥፋት ክስ ሊመጣብህ ይችላል፤ ከክሱም በላይ ደግሞ ሰው ትበድላለህ። እሷን ጠይቃት፣ አድምጣት። አብሬ መኖር አልችልም ካልክ ፍቺ አለልህ። የድግሱን ኪሣራ ግን በሷ ላይ አትጫን።

በዚሁ አጋጣሚ፣ «ሚስቴ አልወለደችልኝም፣ ይፍረስልኝ» የሚል ከአንድ በላይ ደብዳቤ ደርሶኛል። መካንነት ከላይ ካልኩት የአካል ጉድለት ጋር አንድ አይደለም። ደግሞ ሁለታችሁም ሳትመረመሩ እሷ ናት መካኗ ያለው ማነው?

ጥያቄ፦ ልጄ በተክሊል ነው ያገባችው፣ ቆርባለች። አሁን ባሏ ሌላ ሚስት እንዳለው ታወቀ። ፍርድ ቤት ብትሄድ ቃል ኪዳኑን ማፍረስ አይሆንም ወይ? የንስሐ አባታችን ገና አልሰሙም። እኔ ማን ጋር ልሂድ? (እናት፣ ከቀሐ)

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱ ጎዳናዎች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ፍርድ ቤቱ የሚያፈርሰው በሕግ ፊት ያለውን ጋብቻ ነው። ሀብቱን፣ ልጆቹን፣ እሷ ነፃ ሰው መሆኗን የሚወስነው እሱ ነው። ምሥጢረ ተክሊሉን አይነካም፣ ሥልጣኑም የለውም። የቤተ ክርስቲያኑን ጉዳይ የንስሐ አባታችሁ ሰምተው ወደ ሀገረ ስብከቱ ያደርሱታል፤ በዚያ በኩል ሌላ ሚስት እያለው ቀርቦ ከቆረበ ጥፋቱ የሱ እንጂ የልጅዎ አይደለም። ሳይሰሙ አይቆዩ፣ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ነገር ግን እስኪፈቅዱ ብለው የፍርድ ቤቱን አያዘግዩት። ለሙስሊም አንባቢዎቻችንም፣ ሁለቱም ወገን ከተስማሙ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ አንዱ ካልፈቀደ ግን ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው የሚኬደው።

ማን ጋር ልሂድ ላሉት፦ ክሱ የሚጀምረው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ጠበቃ ለመግዛት አቅም ካነሰ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ አቤቱታ ይጽፉላችኋል፣ መንገዱን ያሳዩአችኋል። ልጅዎ ስትሄድ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ መታወቂያዋን፣ የልጆች ልደት ካርድ ካለ እሱን፣ የመጀመሪያው ጋብቻ መኖሩን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ምስክሮች ስምና አድራሻ ይዛ ትሂድ። የተክሊሉ ወረቀት ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ ከሆነ በሰርጉ የነበሩ ሰዎች ምስክርነት ይበቃል። ውሳኔው ሲወጣ ደግሞ በማኅተም የተረጋገጠ ቅጂ አውጥታ ወደ ቀበሌዋ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ትውሰደው። ይህን ሳታደርግ ብትቀር መዝገቡ ላይ አሁንም ያገባች ተብላ ትቆያለች፤ ነገ ቤት ስትሸጥ ወይም ባንክ ስትበደር «ባልሽን አምጪ» ይሏታል።